«ማስታወሻው ከመምህርቷ ዘንድ ይቅር!»

(የዝግጅት ክፍሉ፦ ከዚህ በታች የምናቀርበው፣ ለረጅም ዓመታት በመዋዕለ ሕፃናት መምህርነት፣ ኋላም በሱፐርቫይዘርነት ያገለገሉ አንዲት ጡረተኛ በአዲስ አበባ ለመዋዕለ ሕፃናት መምህራን፣ ርዕሳነ መምህራንና ባለቤቶች ያደረጉት ንግግር ነው። ተናጋሪዋ «ስሜ ይቅር፣ የተናገርኩት ይውጣ» ስላሉን ስማቸውን አልጻፍንም። ንግግሩን ከድምፅ ቅጂ ገልብጠን፣ ከጥቂት እርማት በስተቀር እንዳለ አቅርበነዋል።)



ሰብሳቢው ሲጋብዙኝ «ስለ መምህራን አቅም ግንባታ ይናገሩልን» ነበር ያሉኝ። እኔ ደግሞ አቅም ግንባታ ሲባል የሚታየኝ አዳራሽ ነው። ግድግዳው ላይ ባነር፣ ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃ፣ በመጨረሻው ቀን ደግሞ አበል ለመፈረም የሚጋፋ ሰው። አትሳቁ፣ እኔም ተጋፍቼ ፈርሜያለሁ! ሦስት ቀን ሙሉ ስለ «ሕፃናት ተኮር አቀራረብ» ይነገረናል። የሚነግረን ሰው ቆሞ ያነባል፣ እኛ ተቀምጠን እንሰማለን። ሰኞ ጠዋት ወደ ክፍላችን ስንመለስ ስልሳ ልጅ ይጠብቀናል። የሥልጠናው ወረቀት ቦርሳችን ውስጥ ነው፣ ልጆቹ ፊታችን። ከዚያማ ያው «ሀ በሉ! ሁ በሉ!» ነው።

እኔ ዛሬ የምናገረው ከዚያ ሰኞ ጠዋት በኋላ ስላለው ነገር ነው። ያቺን መምህርት ክፍሏ ድረስ ሄዶ የሚያግዛት ማነው? ሊያግዛት ነው ወይስ ሊይዛት የሚሄደው? ነገሬ ሁሉ ይቺው ናት።

ሥራ የጀመርኩት በ1973 ዓ.ም. በአንድ የቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት ነው። የሠለጠንኩት ሦስት ወር ነበር። በገባሁ በሁለተኛው ወር አንድ ተቆጣጣሪ መጡ። ከኋላ ቆሙና ፎርማቸውን አውጥተው መሙላት ጀመሩ። ያን ቀን ልጆቹን እጃቸውን አጣምረው እንዲቀመጡ አድርጌያቸው ነበር። የመጡትን ሰውዬ ፈርቼ፣ እነሱም እኔን ፈርተው፣ ዝንብ ስትበር ይሰማ ነበር። ተቆጣጣሪው ሲወጡ «የክፍል አያያዝ፦ እጅግ በጣም ጥሩ» ብለው ጻፉልኝ። እንግዲህ አስቡት! የአምስት ዓመት ልጅ ለአርባ ደቂቃ ትንፍሽ ካላለ የሆነ ነገር ሆኗል ማለት ነው። እኔ ግን ተመሰገንኩ። ስለተመሰገንኩም ቀጠልኩበት።

ከዚያ ያወጣችኝ ተቆጣጣሪ አይደለችም። በዕድሜ የሚበልጡኝ፣ «እትዬ» የምንላቸው አንዲት የሥራ ባልደረባ ነበሩ። አንድ ቀን «ነገ ጠዋት ክፍልሽ ልምጣና ልቀመጥ?» አሉኝ። ልምጣ ብለው ጠየቁኝ፤ እመጣለሁ አላሉም። መጥተው ከኋላ አልቆሙም፣ ከልጆቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ቁጭ አሉ። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ሻይ እየጠጣን «ዛሬ የትኛው ልጅ ነው ያስቸገረሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ስለ እኔ ምንም አላሉም። ከዚያ ቆይተው «አንቺ ስትጠይቂ መልሱን የሚመልሱልሽ ሦስት ልጆች ናቸው አይደል?» አሉ። እውነታቸውን ነበር። አንድ ጥያቄ ጠይቄ ልጅ አፉን ሳይከፍት ራሴው እመልሳለሁ፤ ካልሆነም ያው ሦስቱ ፈጣኖች ይጮኻሉ። «ነገ ከጠየቅሽ በኋላ በልብሽ እስከ አምስት ቁጠሪ» አሉኝ። ይኸው ነው ምክሩ። ሌላ አልጨመሩም።

በማግስቱ ቆጠርኩ። አምስት መቁጠር ምን ያህል ረጅም እንደሆነ የሚያውቀው የሞከረው ነው። አራት ላይ ስደርስ፣ ከመስከረም ጀምሮ ድምፁን ሰምቼ የማላውቀው ልጅ ተናገረ። ያለው ነገር ከጥያቄዬ ጋር አይገናኝም፤ ስለ ጎረቤታቸው ፍየል ነበር። ግን ተናገረ! እትዬ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡና «ቆጠርሽ?» አሉኝ። ተመልሰው መምጣታቸው ነው ዋናው። ያልተመለሰ ሰው ምክሩን ጥሎ ሄዷል ማለት ነው።

አሁን «ኮቺንግ» የሚባለው ይኸው ነው። ቃሉን የምናውቀው ከኳስ ሜዳ ነው። በአማርኛ አሠልጣኝ እንላለን፤ ግን አሠልጣኝ ስንል ያ አዳራሹ ትዝ ይለናል፣ ስለዚህ እኔ «አጋዥ» ማለት ይቀለኛል። የኳሱ አሠልጣኝ ተጫዋቹ ሲጫወት እያየ ነው የሚያርመው። ሆቴል ሰብስቦ ስለ ኳስ ንግግር አድርጎ «በሉ ሂዱና ግጠሙ» አይልም።

ይህንን የምለው ከእትዬ ትዝታ ተነስቼ ብቻ አይደለም። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በደቡብ አፍሪካ፣ ኖርዝ ዌስት በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ የተፈተነ ነገር አለ። መዋዕለ ሕፃናት ሳይሆን አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ትምህርቱም በአፍ መፍቻቸው በሴትስዋና ማንበብ ነበር። ትምህርት ቤቶቹን በዕጣ ከፋፈሏቸው። ለአንዱ ምድብ መምህራን የትምህርት ዕቅድና መጻሕፍት ሰጥተው በዓመት ሁለት ጊዜ ለጥቂት ቀናት ሰብስበው አሠለጠኗቸው። ለሌላው ምድብ ያንኑ ዕቅድና ያንኑ መጻሕፍት ሰጥተው፣ አጋዥ ክፍላቸው ድረስ እየሄደ እንዲረዳቸው አደረጉ። በሁለት ዓመቱ መጨረሻ ልጆቹ ሲፈተኑ፣ አጋዥ የሄደላቸው ያገኙት ጭማሪ ተሰብስበው የሠለጠኑት ካገኙት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ።

«ታዲያ በስልክስ? በቴሌግራምስ ማገዝ አይቻልም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ወጪው ይቀንሳላ! እነዚያው ሰዎች ይህንንም ሌላ ክፍለ ሀገር ሄደው ሞክረውታል። ለመምህራኑ ታብሌት ተሰጥቶ አጋዧ ከሩቅ በስልክና በመልእክት ታግዛቸዋለች። በመጀመሪያው ዓመት ልዩነት ያለው አይመስልም ነበር። በሦስተኛው ዓመት ግን በአካል የተጎበኙት በለጡ። እኔ አልገረመኝም። ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚያየውን ስልክ አያይም።

ስለ እኛ አገር ደግሞ አንድ ቁጥር ልጥቀስ። በ2002 ዓ.ም. በተደረገው የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሰው! በዚያው ዓመት መንግሥት የቅድመ መደበኛ ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጣ፤ «ኦ ክፍል» የምንለው በየአንደኛ ደረጃው ግቢ ተከፈተ። ልጁ መጣ፣ ክፍሉም ሞላ። ለክፍሉ ግን ብዙ ቦታ የተሰጠችው መምህርት ለአንደኛ ደረጃ የሠለጠነች፣ ወይም ጭራሽ ያልሠለጠነች ናት። በ2015 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛውን ሁለት ዓመት አድርጎታል። መልካም ነው። ግን ልጅን ለሁለት ዓመት እጁን አጣምሮ ማስቀመጥ ከአንድ ዓመቱ በምን ይሻላል?

አጋዥ የለንም እንዴ? በወረቀት ሞልቶናል! የጉድኝት ሱፐርቫይዘር አለን። ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ አለ፣ በዓመት 60 ሰዓት። አዲስ መምህርን የሚያለማምድ ነባር መምህር ይመደባል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ትምህርት ቤቱን ከ1 እስከ 4 ደረጃ የሚሰጠው ኢንስፔክሽን አለ። ታዲያ ምን ጎደለ?

ይህንን ለመመለስ ደስ የማይል ነገር ልነግራችሁ ነው።

በ1990 ዓ.ም. በአንድ ወረዳ ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። ከምጎበኛቸው መካከል አንዲት የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ልጆች የሚወዷት፣ ሳቂታ። እንደ እትዬ ላደርግ ብዬ ከልጆቹ ጋር ተቀመጥኩ። ኋላ ለብቻችን ስንሆን «ምን አስቸገረሽ?» አልኳት። አመነችኝና ነገረችኝ። «ሲያለቅሱብኝ ግራ ይገባኛል። አንዳንዴ ቆንጥጬ ዝም አሰኛቸዋለሁ፣ ከዚያ ቤቴ ገብቼ እኔ አለቅሳለሁ» አለችኝ። እንዲህ ብላ የምትነግርህ መምህርት ወርቅ ናት። ግማሹን መንገድ ራሷ መጥታለች።

እኔ ምን አደረግሁ? ፎርሙ ላይ «ድክመት» የሚል ቦታ አለ፣ እሱን ሞላሁት። ክፉ አስቤ አይደለም። ቦታው ባዶ ከሆነ «አልሠራሽም» ስለሚሉኝ ነው። ፎርሙ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደ። ከወር በኋላ ግምገማ ተጠራ። ያን ዘመን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሂስና ግለ ሂስ! ወረቀቱ በሰው ሁሉ ፊት ተነበበ። «ሕፃናትን የምታሠቃይ» ተባለች። የሰጠችኝ ምሥጢር፣ በእኔ እጅ ጽሑፍ! ቀና ብላ አየችኝ። ምንም አላለችም፤ አልተከራከረችም። ከዚያ በኋላ ክፍሏ በሄድኩ ቁጥር ልጆቹ እጃቸውን አጣምረው ይጠብቁኝ ነበር። «ምን አስቸገረሽ?» ስላት «ምንም» ትለኛለች። በዓመቱ መጨረሻ ሥራውን ተወችው። ሌሎቹ መምህራንም ተምረዋል፤ በዚያ ወረዳ ከዚያ በኋላ አንድም ሰው ችግር ነግሮኝ አያውቅም። ሪፖርቴ ግን ያማረ ነበር።

መቆንጠጡ ልክ ነው እያልኩ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ልጅ መቆንጠጥ የለበትም። ግን ያቺ ልጅ መቆንጠጥን እንድትተው ምን ማድረግ እንዳለባት የሚያሳያት ሰው ነበር የፈለገችው። የሚያለቅስ ልጅ ሲገጥማት ጎንበስ ብላ ፊቱን እያየች በስሙ እንድትጠራው፣ የሚይዘው ነገር እንድትሰጠው፣ ጠዋት በር ላይ ከእናቱ ተቀብላው ትንሽ እጁን ይዛው እንድትቆይ። ይህን ሁሉ በአንድ ጠዋት ላሳያት እችል ነበር። አላሳየኋትም። ጻፍኩባት።

ዛሬ ግምገማው ስሙን ቀይሯል፤ የሥራ አፈጻጸም ነው፣ ቼክሊስት ነው፣ በግሉም ቤት «ባለቤቱ ካሜራ አስገጥሟል» ነው። መምህርቷ ግን ያው ናት፤ ልቧ «ይቺ የመጣችው ለምንድነው?» እያለ ይጠይቃል። ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የሚያግዘውና ደረጃ የሚሰጠው ሰው አንድ አይሁን። ቁጥጥር አይኑር አላልኩም፤ ልጅ የሚጎዳ ካለ ይጠየቅ፣ እሱ የሚታይበት በር አለ። አጋዥም ብትሆን ልጅ ሲጎዳ ካየች ዝም ልትል አትችልም፤ ይህንንም ገና በመጀመሪያው ቀን ለመምህርቷ ፊት ለፊት ትንገራት። ከዚህ በቀር ግን አጋዥ የጻፈችው ማስታወሻ ፋይል ውስጥ አይገባም። ማስታወሻው ከመምህርቷ ዘንድ ይቅር! እሷ ደብተር ትያዝ፣ የተስማማንባትን አንዲት ነገር እሷ በእጇ ትጻፍ፤ አጋዧ ስትመለስ ከዚያው ደብተር ላይ ይነጋገሩ። ርዕሰ መምህሩ ማወቅ ከፈለገ ምን ያህል ጊዜ እንደተገናኙ ይወቅ፤ ምን እንደተባባሉ ግን አይጠይቅ።

«ሰዓት የለም» ትሉኛላችሁ። ይሄ እውነተኛ ችግር ነው። የስምንተኛ ክፍል መምህር ክፍት ክፍለ ጊዜ አለው፤ የመዋዕለ ሕፃናቷ ግን ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ሰው ትለምናለች። መፍትሔው ሞግዚቷ ናት። በዕረፍት ሰዓት፣ ወይም ልጆቹ ሲተኙ፣ ሞግዚቷ ትያዝላት፤ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ደግሞም ሞግዚቷንም ጥሯት። ልጆቹን ከሁላችን ይልቅ የምታውቃቸው እሷ ሆና ሳለ፣ ለሥልጠና ተጠርታ የምታውቅ ሞግዚት አይቼ አላውቅም።

አጋዧ መጥታ ምን ትይ? ብዙ አትይ። ሃያ ጉድለት ቆጥራ የምትሄድ አጋዥ ሃያውንም አጠፋቻቸው። አንድ ነገር ትያዝ። ለምሳሌ የመጫወቻ ዕቃው የት ነው? የጎበኘኋቸው ስንቶቹ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ እንጨቱ፣ አሻንጉሊቱ፣ ሥዕላዊ መጽሐፉ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ቁም ሣጥን ተቆልፎበት አግኝቼዋለሁ! «ይሰበራል፣ እኔ ነኝ የምጠየቀው» ይላሉ። ንብረት ነዋ! ኢንስፔክሽን ሲመጣ ይወጣል፣ ሲሄድ ይገባል። እንግዲህ ለእንዲህ ዓይነቷ መምህርት ስለ ጨዋታ ጥቅም ንግግር ማድረግ ምን ይረባል? አጋዧ ማድረግ ያለባት ርዕሰ መምህሩን ቁልፉን መለመን ነው። ከዚያ ጠርሙስ ክዳንም ሆነ ጠጠር ለቅማ፣ ከልጆቹ ጋር መሬት ላይ ተቀምጣ፣ መቁጠርን ራሷ አስተምራ ታሳያት። መምህርቷ ዳር ሆና ትይ። በሚቀጥለው ቀን መምህርቷ ትሥራ፣ አጋዧ ትይ። «አድርጊ» ብሎ መሄድ ቀላል ነው፤ ስልሳ ልጅ ፊት አድርጎ ማሳየት ግን ላብ ያስወጣል። ላብ ያላለበው ሱፐርቫይዘር ፎርም ይወዳል።

ወላጆችን ሳላነሳ ባልፍ ይቅር አትሉኝም። በግል ቤት ያላችሁ ጣጣችሁ እዚያ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ደብተሩ ካልሞላ፣ የቤት ሥራ ካልተሰጠው፣ ኢንግሊዝኛ ካልተናገረ፣ «ብሬን በከንቱ ነው» የሚል ወላጅ አለ። ባለቤቱም ደንበኛው እንዳይሄድበት መምህርቷን «አጽፊ!» ይላታል። ጋና ውስጥ የሆነውን ስሙ። በ2015 እና በ2016 እ.ኤ.አ. በአክራና አካባቢዋ በ240 መዋዕለ ሕፃናት የተደረገ ጥናት አለ። መምህራኑ በዓመቱ ውስጥ ለስምንት ቀናት ያህል ሠልጥነው፣ ከዚያ ክፍላቸው ድረስ ስድስት ጊዜ እየተጎበኙ ታገዙ። የክፍሉ አያያዝ ተለወጠ፤ ልጆቹም ተጠቀሙ፤ የመምህራኑ መሰላቸት ቀነሰ፣ በግል ቤቶቹም ሥራ የሚለቅ መምህር ቁጥር ቀነሰ። በሌላው ምድብ ግን ያንኑ ሥልጠናና እገዛ ሰጥተው፣ ከላዩ ወላጆችን በስብሰባ ስለ ጨዋታ ጥቅም ፊልም እያሳዩ አስተማሯቸው። ምን ሆነ? የልጆቹ ጥቅም ጠፋ! የተሻለ ይሆናል ተብሎ የተጨመረው ነገር የተገኘውን አጠፋው።

ለምን እንደሆነ የየራሳችን ግምት ይኖረናል። የእኔ ግምት፣ ወላጅ በስብሰባ አይመለስም የሚል ነው። ወላጅ የሚያምነው ልጁን ነው። አንዲት የማውቃት ርዕሰ መምህርት ወላጆችን መስበክ ትታ፣ ዓርብ ዓርብ ጠዋት በየተራ ሦስት ሦስት ወላጅ ክፍል እየገቡ እንዲቀመጡ አደረገች። ልጃቸው ተረት ሰምቶ መልሶ ሲተርት አዩት። ደብተሩ ለምን አልሞላም የሚለው ጥያቄ እየቀነሰ ሄደ። አልጠፋም፣ ቀነሰ።

ይህንን ሁሉ ካልኩ በኋላ የምስማማበትን ላስቀምጥ። እገዛ ተአምር አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. ስድሳ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመሩ ምሁራን፣ እገዛ የመምህሩን አሠራር በደንብ እንደሚያሻሽል፣ የተማሪውን ውጤትም ከዚያ ባነሰ መጠን እንደሚያሻሽል አገኙ። ግን ፕሮግራሙ እየሰፋ ሲሄድ ፍሬው ይቀንሳል። ይህ ለእኛ አገር ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። እኛ አንድ ነገር ጥሩ ነው ከተባለ በማግስቱ በመመሪያ ለሁሉም እናወርደዋለን! «በዚህ ሩብ ዓመት ይህን ያህል መምህራን ታግዘዋል» የሚል ሪፖርት ይመጣል፤ ከዚያ አጋዧ ቁጥር ለመሙላት በቀን አራት ክፍል እየሮጠች ታያለች። እነዚያው ምሁራን የእገዛው ሰዓት መብዛቱ ብቻውን ለውጥ ማምጣቱን አላገኙትም። ማን መጣ፣ እንዴትስ ተቀመጠ ነው ጥያቄው።

ደመወዙንስ? ደመወዙንማ ዝም ብዬ ባልፍ አላፍርም እንዴ! የቤት ኪራይዋን መክፈል ላቃታት መምህርት «ከጠየቅሽ በኋላ አምስት ቁጠሪ» ብላት፣ የምትቆጥረው ወር እስኪደርስ የቀረውን ቀን ነው። እገዛ የደመወዝ ምትክ ተደርጎ ከመጣ አትቀበሉት። ባለቤቶችም ከኋላ ተቀምጣችኋል፣ አያችኋለሁ።

እኔ እንግዲህ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሰፈሬ ባሉ ሦስት መዋዕለ ሕፃናት እየተጠራሁ እሄዳለሁ። ሥራዬ መሬት ላይ መቀመጥ ነው፤ ለመነሳት አሁን አሁን የልጆቹን እርዳታ እጠይቃለሁ። ፎርም አልይዝም። ሐሙስ ጠዋት ባዶ ነኝ፤ የሚፈልግ ስልኬን ከሰብሳቢው ይውሰድ። አበል አልጠይቅም፣ የታክሲ ግን ትከፍላላችሁ። ስትጠሩኝ ደግሞ ርዕሰ መምህሩ ሳይሆን መምህርቷ ራሷ ትደውልልኝ።